«45 ሺህ ብር ክፈልና መርከብ ትሳፈራለህ አሉኝ»

ባለፈው ወር ስለ ውጭ ሀገር የሆቴል ሥራ ከጻፍኩ ወዲህ ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ግማሽ የሚሆኑት ስለ ክሩዝ መርከብ፣ ማለትም ቱሪስት ይዞ ስለሚዞር የመዝናኛ መርከብ፣ ሥራ ነው የሚጠይቁት፣ ያውም አብዛኞቹ ከዚሁ ከሐዋሳ። እኔ ራሴ መርከብ ላይ ስድስት ኮንትራት ሰርቻለሁ፣ ከዕቃ አጣቢነት ጀምሬ አስተናጋጅ እስክሆን ድረስ፣ ስለዚ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለዚ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ነህ? 26 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፣ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቴሌግራም ላይ «ክሩዝ ሺፕ ሥራ፣ ልምድ አያስፈልግም፣ ደሞዝ በወር 3,500 ዶላር፣ ቪዛ ጋራንቲ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ጻፍኩላቸው። ፓስፖርቴን ፎቶ አንስቼ ላኩ፣ በሁለተኛው ቀን ማህተም ያለበት ኮንትራት ላኩልኝ፣ አሁን ደግሞ ለፕሮሰስ 45 ሺህ ብር በአንድ ግለሰብ አካውንት አስገባ እያሉኝ ነው፣ እስከ አርብ ካላስገባሁ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉ። እህቴ የእቁብ ብሯን ልትሰጠኝ ተስማምታለች። ላስገባ ወይስ ይቅር? ካልሆነስ በትክክለኛው መንገድ እንዴት ነው የሚገባው? ኮንትራቱን አብሬ ልኬዋለሁ። (ከአሞራ ገደል አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታስገባ። አርብም ይለፍ፣ ቅዳሜም ይለፍ፣ የእህትህ እቁብ እዛው እህትህ ጋ ይቀመጥ።

ኮንትራት ያሉህን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማህተሙ ትልቅ ነው፣ ግን የአሰሪው ድርጅት አድራሻ የለም፣ ምን ሆነህ እንደምትሰራ የለም፣ ፈቃድህ ስንት ቀን እንደሆነ የለም፣ ውሉ ሲያልቅ በማን ወጪ ወደ ሀገርህ እንደምትመለስ የለም። እነዚህ እኮ በመርከበኛ ውል ላይ የግድ መጻፍ ያለባቸው ነገሮች ናቸው። ደግሞ ፊትህን ሳያይ፣ እንግሊዝኛህን ሳይሰማ፣ የምትሰራበት ሆቴል ደውሎ ሳይጠይቅ በሁለት ቀን ውስጥ የሚቀጥርህ ክሩዝ የለም።

አሁን የምነግርህን ለጓደኞችህም ንገርልኝ። የባህር ሠራተኞች ኮንቬንሽን የሚባል ዓለም አቀፍ ሕግ አለ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የወጣ፣ ከነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራ። እሱ ላይ መርከበኛን ሥራ ስላስገባሁህ ብሎ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። አንተ ልትከፍል የምትችለው የራስህን ፓስፖርት፣ የሜዲካል ሰርተፊኬት እና የመርከበኛ ደብተር ብቻ ነው፣ ቪዛው እንኳን በመርከቡ ባለቤት ነው የሚሸፈነው። አንዳንድ ቦታ የቪዛውን መጀመሪያ አንተ ክፈልና በኋላ እንመልስልሃለን ሊሉ ይችላሉ፣ ያኔም ብሩ የሚገባው በስምህ ለኤምባሲው ነው እንጂ ለአቶ እገሌ አካውንት አይደለም፣ እንደሚመልሱልህም በጽሑፍ ያዝ። የራሳችን የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008ም ቢሆን ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱን በአሰሪው ላይ ነው የጣለው፣ ሠራተኛው ላይ የቀረው እንደ ፓስፖርት፣ ምርመራ፣ ክትባት እና የብቃት ማረጋገጫ ያለው ነው። ስለዚ «ፕሮሰስ» የሚባል ክፍያ በየትኛውም በኩል ብትፈልገው አታገኘውም።

ፓስፖርትህን ልከሃል፣ እሱ ያሳስበኛል። ከዚ በኋላ ምንም አትላክላቸው፣ በተለይ ስልክህ ላይ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር፣ የባንክ ደብተር፣ የቀበሌ መታወቂያ። ቻቱን ግን እንዳታጠፋው፣ አካውንት ቁጥሩን ጨምረህ ስክሪንሾት አንሳና ፖሊስ ጋ ሄደህ አመልክት። ብዙ ልጆች እኔ ካልከፈልኩ ምን አገባኝ ብለው ዝም ይላሉ፣ በነጋታው የጎረቤታቸው ልጅ ይከፍላል።

ስለ ደሞዙም እውነቱን ልንገርህ። ልምድ ለሌለው ሰው በወር 3,500 ዶላር የሚከፍል መርከብ የለም። እኔ በዕቃ አጣቢነት ስጀምር በወር 640 ዶላር ነበር የማገኘው፣ ምግብ እና መኝታ በነሱ፣ በአራተኛው ኮንትራት አስተናጋጅ ከሆንኩ በኋላ ነው ከነቲፑ ደህና ብር መያዝ የጀመርኩት። ያም ቢሆን ለቤት ኪራይ፣ ለትራንስፖርት፣ ለምሳ ስለማታወጣ ካወቅክበት ታስቀምጠዋለህ፣ እናቴን ያሳከምኩት በሱ ነው።

እሺ፣ በትክክለኛው መንገድ እንዴት ይገባል ላልከው። አንተ የያዝከው ነገር አለህ እኮ፣ አራት ዓመት! ክሩዝ መርከብ ማለት የሚንሳፈፍ ሆቴል ነው፣ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ከማያሚ ሥራ የጀመረችውን አይከን ኦፍ ዘ ሲስን ብታይ ሠራተኛዋ ብቻ 2,350 ነው፣ ከዛ ውስጥ መርከብ የሚነዳው እና ሞተር የሚጠግነው ጥቂቱ ነው፣ የቀረው ክፍል የሚያጸዳ፣ ምግብ የሚያበስል፣ የሚያስተናግድ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ልጆች የሚያጫውት ነው። ስለዚ የሚፈልጉት የሆቴል ሰው ነው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ባለ አራት ወይ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ላይ አንድ ሁለት ዓመት የሰራ ይላሉ። ከሆቴልህ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን አሁኑኑ አውጣ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከየት ቀን እስከ የት ቀን፣ በምን የሥራ መደብ የሚለው በደንብ ተጽፎ፣ የኃላፊህ ስልክ እና ኢሜይል ያለበት። የሚደውሉት እሱ ጋ ነው።

ከዛ እንግሊዝኛ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚ ጋ ነው፣ ሰዋስው ስለማያውቅ ግን አይደለም፣ በጆሮው ስላልለመደ ነው። ማርሊንስ የሚባል ለመርከበኞች የተዘጋጀ ፈተና አለ፣ ማዳመጥን ይለካል፣ ለመናገር ደግሞ ለብቻው ፈተና አለው፣ ብዙ ኩባንያ ይጠቀምበታል። ኢንተርቪው ላይ እኔን የጠየቁኝን ልንገርህ፦ አንዲት እንግዳ ሽሪምፕ አይስማማኝም ብላ ከነገረችህ በኋላ ያዘዘችው ሾርባ ውስጥ ምን እንዳለ እርግጠኛ ባትሆን ምን ታደርጋለህ? እኔ «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ጀመርኩ፣ ሴትዮዋ ዝም ብላ አየችኝ። ቀጥዬ «ሳህኑን አላቀርብም፣ ሼፉን ራሱን እጠይቃለሁ፣ እርግጠኛ ካልሆነ ሌላ ምግብ አቀርባለሁ፣ ለሱፐርቫይዘሬም እነግራለሁ» ስል ነው ጽፋ የያዘችው። የሚፈልጉት እጅህ የሚያደርገውን ነው። አንተ ሐዋሳ ላይ በቀን ስንት ሰው ቆሮሶ ጥብስ እና ዓሳ ጉላሽ የምታቀርብ ልጅ፣ እሁድ ቀን አርባ ጠረጴዛ ሞልቶ አንዱ ሲቆጣ ያደረግከውን በእንግሊዝኛ መናገር ተለማመድ፣ መስታወት ፊት ቆመህ፣ ጮክ ብለህ።

የት ታመለክታለህ? የኩባንያዎቹ የራሳቸው ድረ ገጽ ላይ የሥራ ገጽ አለ፣ ሮያል ካሪቢያንም ካርኒቫልም ኤም ኤስ ሲም አላቸው፣ አብረዋቸው የሚሰሩ ኤጀንሲዎችንም በየሀገሩ ይዘረዝራሉ። አንድ ኤጀንሲ የነሱ ነኝ ካለህ ስሙን እዛ ዝርዝር ላይ ፈልገው፣ ከሌለ በቃ የለም ማለት ነው። እዚህ ሀገር ቤት ነኝ የሚል ከሆነ ደግሞ ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቅ፣ ክልል ላይም ቢሮ አላቸው። ኬንያ ላይ፣ በተለይ ሞምባሳ በኩል፣ ምልመላው ከኛ የቆየ እና የሰፋ ነው፣ ከኛ ልጆች የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን መጀመሪያ ዱባይ ወይ ዶሃ ሆቴል ሰርተው፣ እዛ እያሉ አመልክተው ነው የገቡት። እኔም በዱባይ በኩል ነው የገባሁት። ረጅም መንገድ ነው፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሊወስድብህ ይችላል፣ እያወቅከው ጀምረው ብዬ ነው።

ሥራውን ካገኘህ ነው ወረቀቱ የሚመጣው፣ በፊት አይደለም። የኩባንያው የቅጥር ደብዳቤ፣ እነሱ በሚያውቁት ክሊኒክ ሜዲካል፣ ከወንጀል ነጻ፣ የቢጫ ወባ ክትባት፣ መርከቡ ወደ አሜሪካ ወደብ የሚገባ ከሆነ ሲ ዋን ዲ የሚባለው የመርከበኛ ቪዛ፣ እሱም የቅጥር ደብዳቤውን ይዘህ ኤምባሲ ኢንተርቪው ገብተህ የሚሰጥ ነው፣ ማንም ጋራንቲ ሊሰጥበት አይችልም። ከዛ ኤስ ቲ ሲ ደብሊው የሚሉት መሰረታዊ የደህንነት ስልጠና አለ፦ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ውሃ ላይ ራስን ማዳን። ይሄንን አንዳንዱ ኩባንያ ራሱ ነው የሚያሰለጥነው፣ ስለዚ ሥራ ሳትይዝ ሰርተፊኬት ግዛ ለሚልህ ሰው ብር አታውጣ። ዋና ግን ተማር። እኔ ሐይቅ ዳር አድጌ ዋና አልችልም ነበር፣ ብዙዎቻችን እንደዛ ነን፣ ስልጠናው ላይ ላይፍ ጃኬት ለብሰህ ከከፍታ ትዘላለህ፣ በአንድ እጅህ አፍንጫህን ይዘህ በሌላው ጃኬቱን ወደ ታች ጨቁነህ፣ እግርህን አጣምረህ፣ የተገለበጠ በአየር የሚሞላ የሕይወት አድን ጀልባም ታቀናለህ። የመጀመሪያ ቀን እግሬ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል።

አስተናጋጅ ይሄ ምን ያደርግለታል እንዳትል። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት ጋ ከድንጋይ ተጋጭታ ስትጋደም 32 ሰው ሞቷል፣ ተሳፋሪው በጨለማ ኮሪደር ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው የሆቴሉን ሠራተኛ ነው። ሰባት አጭር አንድ ረጅም የሚለውን የአደጋ ድምፅ ስትሰማ ትሪህን አስቀምጠህ ቦታህ ላይ መቆም አለብህ።

ሥራው ከባድ ነው፣ አልደብቅህም። ሕጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት ያላነሰ፣ በሳምንት ከ77 ሰዓት ያላነሰ እረፍት ይላል፣ ሲገለበጥ በሳምንት ብዙ ሰዓት ትሰራለህ ማለት ነው፣ እሁድ የለም፣ ስድስት ሰባት ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን ላታገኝ ትችላለህ። ካቢኑን ከሌላ ሰው ጋር ነው የምትጋራው፣ መስኮት የለውም፣ ቀን ይሁን ማታ በሰዓትህ ነው የምታውቀው። ንጽህናው ደግሞ ሌላ ነው። የአሜሪካ ጤና ተቆጣጣሪዎች ሳይነግሩ ይመጣሉ፣ ከ100 ከ86 በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል፣ ስለዚ ሦስት ባልዲ አለ፣ አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ፣ አንዱ ጀርም መግደያ፣ ቀለማቸው ይለያያል፣ አንድ ጨርቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ከገባ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላህ ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ትኩሱ ከ57 እንዳያንስ በቴርሞሜትር እየለካህ ትጽፋለህ። እኔ እጄ በክሎሪን ተልጦ ለሁለት ሳምንት ማንኪያ መያዝ ከብዶኝ ነበር፣ ጓንት ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ አንድ ፊሊፒናዊ ዕቃ አጣቢ ባልደረባዬ ነው፣ ጓንቱንም ራሱ አመጣልኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰላም ለአንተ ይሁን። ልጄ 22 ዓመቷ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ትሰራለች፣ ማታ ማታ የሆቴል ሙያ እየተማረች ነው፣ አሁን ለክሩዝ ነው የምዘጋጀው ትላለች። እኔ ግን የአረብ ሀገሩን ስላየሁ ፈራሁ፣ ባህር ላይ ሴት ልጅ ማን ያይላታል? ልከልክላት ወይስ ልተዋት? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እትዬ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፣ እህቴ ቤይሩት የነበረች ጊዜ እናታችን ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትደነግጥ አይቻለሁ። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሰው ቤት የምትሰራ ልጅ ብቻዋን በር ተዘግቶባት ነው፣ መርከብ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ይኖራሉ፣ ካቢኗን የምትጋራው ከሴት ጋር ነው፣ ኮሪደሩ ካሜራ አለው፣ ሐኪም አለ፣ የሰው ኃይል ኃላፊም አለ። በሕጉ መሠረት አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓት ጽሑፉ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይሰጠዋል፣ ማንንም ፈርታ መደበቅ የለባትም።

ችግር የለም ግን አልልዎትም። ትንኮሳ አለ፣ ከእንግዳም ከአለቃም ሊመጣ ይችላል፣ መጠጥ ባለበት ቦታ ሁሉ እንዳለው። ከእንግዳ ጋር መቀራረብ ከሥራ ያስባርራል፣ እንግዳ ክፍል ውስጥ ያለ ሥራዋ ከተገኘች በሚቀጥለው ወደብ ላይ ወደ ሀገሯ ነው የምትሸኘው፣ ይሄን ከወዲሁ ትወቀው። በጣም የሚያስቸግረው ብቸኝነት ነው፣ ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል፣ ባህር መሃል ይቆራረጣል፣ ሦስት ቀን ሳትደውል ብትቀር ሞተች ብለው እንዳይጨነቁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመርከቡን ጉዞ ፕሮግራም ትላክልዎት፣ የውሉን ኮፒ እርስዎ ጋ ትተው፣ የመርከቡን ስም፣ የኩባንያውን ስም፣ መርከቡ የየትኛው ሀገር ባንዲራ እንደሚያውለበልብ ጽፈው ያስቀምጡ፣ አብዛኞቹ የባሃማስ፣ የፓናማ ወይ የማልታ ናቸው፣ መርከቡ ላይ በዋናነት የሚሰራው የባንዲራው ሀገር ሕግ ስለሆነ ነው። ሲፈረር ሄልፕ የሚባል ቀንም ሌሊትም የሚሰራ ነጻ የመርከበኞች የእርዳታ መስመር አለ፣ በብዙ ወደቦች ደግሞ አይ ቲ ኤፍ የሚባለው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ተቆጣጣሪዎች አሉት፣ ቁጥራቸውን ሳትሄድ በፊት ስልኳ ላይ ትመዝግበው፣ አንዱን እርስዎም ይያዙት።

ልከልክላት ላሉት፣ እኔ እርስዎን ብሆን አልከለክላትም፣ አዘገያታለሁ እንጂ። ሙያዋን ትጨርስ፣ የብቃት ምዘናዋን ታልፍ፣ ሐዋሳ ላይ ደህና ሆቴል ገብታ ዓመት ሁለት ዓመት ትስራ፣ 24 ሲሞላት በእንግሊዝኛ ለራሷ መከራከር ትችላለች። አሁን ብትሄድ የሚሰጣት የመጨረሻውን ሥራ ነው፣ ያኔ ብትሄድ ከፍ ካለው ትጀምራለች። ደግሞ ቀን ስፌት ማታ ትምህርት የምትል ልጅ ናት፣ እባክዎ እራቷን ሳትበላ እንዳትተኛ ይዩልኝ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ አጣሁ። ክሩዝ ላይ በዌይተርነት ልመዝገብ ወይ?

መልስ፦ ሳህን ከማንሳትህ በፊት በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስር የተቋቋመውን የማሪታይም (የመርከበኞች) ማሰልጠኛ ጠይቅ። እዛ እንዳንተ ያሉ የሜካኒካል እና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ለመርከብ ሞተር ክፍል ኦፊሰርነት ያሰለጥናሉ፣ ባህር የሌላት ሀገር ስንቱን ልጅ ውቅያኖስ ላይ እንዳሰማራች ብታይ ትገረማለህ። የሚሄዱት በአብዛኛው ጭነት መርከብ ላይ ነው፣ እንግዳ የለም፣ ቲፕ የለም፣ ግን በደረጃም በደሞዝም ከአስተናጋጅ ጋር አይወዳደርም። ፈተናውም የጤና ምርመራውም ጠንካራ ነው፣ በተለይ ዓይን፣ ቀለም የመለየት ችግር ካለብህ ቀድመህ ተመርመር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጾም እንዴት ነው እዛ? ረቡዕ እና አርብን፣ ሁዳዴንም ልጾም እችላለሁ? እንጀራስ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ልጄ። የሠራተኛ መመገቢያው ውስጥ ሕንዶች ስለሚበዙ ሩዝ፣ ምስር፣ አተር፣ ጎመን በየቀኑ አለ፣ ምስሩን በኛ ቅመም እንደተሰራ ልትቆጥረው ትችላለህ። የሚከብደው ሰዓቱ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ብትል ፈረቃህ ምሳ ላይ ነው፣ ሙቀት ያለበት ማብሰያ ቤት ውስጥ በባዶ ሆድ አስር ሰዓት ቆመህ ብትወድቅ አደጋ ነው፣ ንስሐ አባትህን ሳትሄድ ጠይቃቸው፣ የኔ አባት ሰዓቱን አቅልለውልኝ ምግቡን እንድጠብቅ ነበር የነገሩኝ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ረመዳንን ሲጾሙ አይቻለሁ፣ ኢንዶኔዢያዎቹ ለማፍጠሪያ ምግብ ያስቀምጡላቸው ነበር።

እንጀራ የለም። ካቢን ውስጥ ምግብ ማስቀመጥ በረሮ ያመጣል እየተባለ ይከለከላል፣ ሽሮም ይሁን ቆሎ። በሁለተኛው ኮንትራቴ ፋሲካ ባህር መሃል ደረሰብኝ፣ አንድ አስመራዊ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሰራ ነበር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሁለታችንም ፈረቃ ጨርሰን ባዶ መመገቢያ ቤት ተገናኘን፣ ሼፉ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል እና የተረፈ ዶሮ ሰጠን፣ እሱ በትግርኛ እኔ በአማርኛ ጸሎት አድርገን በዳቦ በላን።